ቤተ ክርስቲያን የሌለበት መንገድ

መንገድ የሚረዝመው በርቀቱ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ካጋጠማችሁ፣ ብቻውን መሄድ የለመደ ሰው ነውና ዝም ብላችሁ እለፉት። እኔ የጋዜጣ ሰው ነኝ። ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን እጠይቃለሁ፤ ጠይቄ ያላገኘሁትን ለሌላ ጋዜጣ እተዋለሁ። በበቅሎም፣ በጭነት መኪናም፣ በአውሮፕላንም ብዙ ሄጃለሁና ይህን የምላችሁ በግምት አይደለም፦ መንገድን የሚያረዝመውም የሚያሳጥረውም አብሮ የሚሄደው ሰው ነው። ከቢቸና ተነስቶ ሞጣ የሚገባ ሰው ከነጋዴ ጋር ከሆነ በጊዜ ይደርሳል። ከተሟጋች ጋር ከሆነ ጆሮው ደክሞ ይደርሳል። ከአማቹ ጋር ከሆነ ደግሞ በየዘመዱ ቤት እየበላ ይሄድና የሄደበትን ጉዳይ ረስቶ ይደርሳል። ለመሆኑ ከሁሉም የሚከፋው የትኛው ነው? ከሁሉም የሚከፋው ደግ ሰው ነው። ክፉ ሰው ቢያዘገያችሁ ትቆጡታላችሁ። ደግ ሰው እየጸለየ ሲያዘገያችሁ ምን ይባላል?

እኔን የገጠመኝ እንዲህ ያለው ደግ ሰው ነው። የገጠመኝም በጎጃም ጎዳና ላይ ሳይሆን በስፔን አገር፣ ቶሌዶ በምትባል የጥንት ከተማ ውስጥ ነው።

በጃንሆይ ዘመን ነው። የብዙ አገር ንብ አርቢዎች ማራቸውን ይዘው የሚቀርቡበት ጉባኤ ቶሌዶ ላይ ተጠራ፤ ከአገራችን ማር የሞጣ ማር ተመረጠ። ይዘው እንዲሄዱ የታዘዙት ግራዝማች ይግዛው የሚባሉ የሞጣ ሽማግሌ ናቸው። ቀፎ ሲሰቅሉ ያረጁ፣ ንብ ነድፋቸው የማታውቅ፣ ወይም ነድፋቸው የማይናገሩ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ በነጭ የለበሱ ሰው። እኔ ደግሞ ወሬውን እንድጽፍና እንዳስተረጉም ተላክሁ። ስፓንኛ አላውቅም። ነገር ግን በጠላት ወረራ ጊዜ በልጅነቴ የለቃቀምኩት ጣልያንኛ ነበረኝ፤ ሁለቱ ቋንቋዎች የእህትማማች ልጆች ናቸው ይባላል። ሄጄ እንዳረጋገጥኩት ነገሩ እውነት ነው፤ የተኳረፉ የእህትማማች ልጆች ናቸው።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። ይህን መናገር ለምን አስፈለገ? ቢቸናና ሞጣ ተጋብተውና ተዋልደው በሰላም የሚኖሩ ከተሞች ናቸው፤ የማር ነገር ካልተነሳ በቀር። ስሰናበት ቢቸና ያሉ ዘመዶቼ «ይህን ሁሉ ተምረህ የሞጣን ማር ለመሸከም ነው?» ብለው አኮረፉኝ። ግራዝማች ደግሞ የቢቸና ሰው መሆኔን የሰሙ ዕለት ማሩን ከዓይኔ ሸሸግ አደረጉት።

ማሩ ያለው በቅል ውስጥ ነው። ቅሉ በቆዳ ተለብጦ አፉ በሰም ተደፍኗል፤ በላዩም ጠፍር ታስሮበታል። የጉባኤው ደንብ ማሩ ከአገሩ እንደታሸገ መጥቶ በቀማሾቹ ፊት ብቻ ይከፈት ይላል፤ ማኅተሙ የተነካ ማር አይቀመስም። ደንቡ ሌላም ነገር ይላል፦ የካቴድራሉ የእኩለ ቀን ደወል ሲደወል የአዳራሹ በር ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ የመጣ ማር የቀማሽ ማንኪያ አያየውም። ይህን ሳስረዳቸው ግራዝማች «ማሩ ሳይቀመስ ከተመለሰ ሞጣ በየት በኩል እገባለሁ?» አሉኝ። አገሩ በሙሉ ወጥቶ ሸኝቷቸዋል። ቄሶቹ ቅሉን ባርከውላቸዋል። በልቤ ሳመዛዝነው የእኔም ጣጣ ከእሳቸው አያንስም ነበር። ማሩ ሳይደርስ ቢቀር ሞጣ ላይ የሚወራው «ከተማው ጠመዝማዛ ሆኖባቸው ነው» ተብሎ አይደለም። «መንገድ መሪው የቢቸና ሰው ነበር» ተብሎ ነው።

ቶሌዶ ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ተሰቅላ ወንዝ በሦስት በኩል የከበባት ከተማ ናት። ግራዝማች ከዳገቱ ላይ ሆነው ቁልቁል አዩና «ይቺ ትንሽ ጎጃም ናት፤ አባይዋ ግን ከስቷል» አሉ። ያረፍንበት ቤት ከግርጌ፣ ከቅጥሩ በር ውጪ ነው፤ አዳራሹ ደግሞ ከላይ፣ ከካቴድራሉ አጠገብ። መኪና ወደ ውስጥ አይዘልቅም። አንዳንዱ መንገድ ግራና ቀኝ ጨው የጫነ አህያ ቢገባበት ወይ ጨው ወይ ግድግዳ መቅረቱ አይቀርም። ያረፍንበት ቤት ባለቤት በእግር ቅርብ ነው አለን፤ እኛም ፀሐይ ገና ሳትሞቅ ወጣን። ጊዜ ሞልቶ ተርፎን ነበር።

ከቅጥሩ በር እንደገባን ቤተ ክርስቲያን አገኘን።

የእኛ አገር ሰው ቤተ ክርስቲያንን ዝም ብሎ አያልፍም፤ በቅሎ ላይ ያለው ይወርዳል፣ ባርኔጣ ያደረገው ያወልቃል፣ ተሳልሞ መንገዱን ይቀጥላል። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ደንቡን የደነገገው ሰው ግን ጎጃምን ነው ያሰበው። ከአንዱ ደብር እስከ ሌላው እርሻ አለ፣ ወንዝ አለ፣ አንዳንዴም ቁልቁለት አለ። ቶሌዶን ለሠሩት ሰዎች በመካከሉ እርሻ መኖር እንዳለበት የነገራቸው የለም። ቤተ ክርስቲያን ከቤተ ክርስቲያን ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ይኖራል፤ የአንዱ ደወል ሲደወል የሌላው መስኮት ይንቀጠቀጣል።

ግራዝማች ከዘራቸውን አስደገፉ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉና የማን ናት አሉኝ። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቤ የሐዋርያው ያዕቆብ መሆኗን ነገርኳቸው። ጸለዩ፤ ሰገዱ፤ ግድግዳውን ሳሙ። ደስ አለኝ። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ደስ ይላል። ጥቂት እንደሄድን ኒቆላዎስ መጣ። ከኒቆላዎስ ማዶ የሴቶች ገዳም። ከገዳሙ ጥግ ማርያም። ግራዝማች ስሙን ሳይሰሙ አይሳለሙም፤ «ማንን ሰላም እንደምል ሳላውቅ እንዴት ሰላም እላለሁ?» ይላሉ። ስለዚህ እኔ በየደጁ ጽሑፍ ፈላጊ፣ ጽሑፍ ባጣሁበት ደግሞ ሰው ጠያቂ ሆንኩ። ይህም አልበቃ ብሎ በየማዕዘኑ ግድግዳው ተቦርቡሮ የእመቤታችን ሥዕል በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። እሱስ ይታለፋል? አይታለፍም።

አንደኛው ቤተ ክርስቲያን በእስላሞቹ ዘመን መስጊድ እንደነበረ በሩ ላይ ተጽፏል። ለግራዝማች ልንገራቸው ወይስ ልተወው ብዬ ትንሽ አመነታሁና እውነት ማንንም አትጎዳም ብዬ ነገርኳቸው። አሰብ አድርገው «እንግዲያው ብዙ ጸሎት ያደረበት ቤት ነው» አሉና ከሌሎቹ ሁሉ አስረዝመው ተሳለሙት። እውነት ማንን እንደምትጎዳ ያኔ ገባኝ።

ሌላ ዘዴ ሞከርኩ። ቤተ ክርስቲያኖቹ የካቶሊክ መሆናቸውን፣ የእኛ ታቦት እንደሌለባቸው፣ እንዲያውም የእነዚህ ሰዎች ወገኖች በድሮ ነገሥታት ዘመን አገራችን ድረስ መጥተው ሃይማኖታችንን ሊያስለውጡን ሞክረው እንደነበር በትሕትና አስታወስኳቸው። ግራዝማች ከግድግዳው ሳይነሱ መለሱልኝ። «ቤቱ የማርያም ነው፤ የሰዎቹ ጥፋት የሰዎቹ ነው። ደግሞስ እነሱ ያን ያህል መንገድ መጥተው አላስለወጡንም። እኔ ግን ይኸው ደጃቸው ላይ ቆሜ በአማርኛ እጸልያለሁ። ማን አሸነፈ?» ደወሉን ብጠቅስላቸው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉኝ። እኔም ያልቸኮለችው በሩ ተዘግቶባት የምትለቅመው አጣች አልኩ፤ በሆዴ።

መንገዱም አላገዘንም። ከመስኮት የምታየንን አንዲት ባልቴት አዳራሹ በየት ነው ብዬ ጠየቅኋት። በሁለት እጇ አየሩን ቀደደችና ቀጥ በሉ አለችን። ዳቦ የሚሸጠውም ቀጥ በሉ አለን። ቄስ የሚመስል ሰው ጠየቅሁ፤ እሱም ቀጥ በሉ። እዚያ ከተማ ውስጥ ቀጥ ያለ መንገድ የሚባል ነገር እንደሌለ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። በመጀመሪያ ተናደድኩ፤ ኋላ የአገሬ ሰው ትዝ አለኝ። ከቢቸና ወደ ሞጣ ስትሄዱ አንዱን ገበሬ ስንት ይቀረናል ብላችሁ ብትጠይቁት አገጩን ወደ ተራራው ቀሰር አድርጎ «እዚች ናት» ይላችኋል። እዚች ያላት ግን አዳር ናት። ሰውዬው መዋሸቱ አይደለም፤ እንግዳን ማስደንገጥ ነውር ስለሆነ ነው። ቶሌዶዎችም ለካ ጨዋዎች ናቸው።

ቀጥ ብለን፣ ቀጥ ብለን፣ ቀጥ ብለን ስንሄድ አንድ የማውቀው ገዳም አጠገብ ደረስን። የማውቀውም ጠዋት ስላለፍንበት ነው። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ግራዝማች በደስታ ባርኔጣቸውን አወለቁና «ደግመን መምጣታችን ያለ ነገር አይደለም» ብለው እንደገና መሳለም ጀመሩ። ፀሐይዋ ጣራዎቹን አልፋ ግድግዳው መካከል ደርሳለች። ግራዝማች ተሳልመው ሲያበቁ ቀና ብለው አዩዋትና ፊታቸው ተለወጠ። ቅሉን በሁለት እጃቸው አቅፈው «ልጄ፣ ይዘጋብናል እንዴ?» አሉኝ። እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። የቢቸና ሰው ማለታቸውን ትተው ልጄ ሲሉኝ ነገሩ መክበዱ ገባኝ። ታዲያ እንሩጥ አልኳቸው። «ሩጥ ካልከኝ እሮጣለሁ፤ ደጁን ግን አልፌ አልሮጥም» አሉ።

በዚህ ጊዜ ነው ብልህ የሆንኩት። የጋዜጣ ሰው ብልህ ሲሆን ጥንቃቄ አድርጉ። ግራዝማችን ከመሳለም ማስቆም ካልተቻለ፣ የሚሳለሙትን ማሳጣት ይቻላል። በጥግ በኩል ከኋላው የተጠፈጠፈ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቆብ ያደረገ ፖሊስ ቆሟል። ሄድኩና በምችለው ጣልያንኛ፣ ቃል በቃል፣ ያለ ማወላወል ጠየቅሁት፦ ጌታዬ፣ ወደ ላይ የሚያወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን የሌለበት መንገድ እንፈልጋለን።

ፖሊሱ ድገመው አለኝ። ደገምኩት። እንዲያውም እንዲገባው ብዬ አንድም ቤተ ክርስቲያን እንዳይኖርበት፣ ሥዕልም ቢሆን ብዬ ጨመርኩበት።

አሁን ስለዚያ ዘመን ስፔን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አገሩን የሚገዛው ጄኔራል ነው፤ ጄኔራሉ ዙፋኑ ላይ የወጣው የቤተ ክርስቲያን ጠላቶችን ደመሰስኩ ብሎ ነው። በዚያ አገር በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ማየት አልፈልግም የሚል ሰው አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ ስሙም ኮሙኒስት ነው። ፖሊሱ እኔን አየኝ። ቀጥሎ ግራዝማችን አየ። ከዚያ ዓይኑ ቅሉ ላይ ወደቀ፤ ድብልብል፣ በቆዳ የተጠቀለለ፣ አፉ የተደፈነ፣ ላዩ ላይ ጠፍር የተንጠለጠለበት። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንን ቦምብ እንጂ ማር አልለውም ነበር። እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደና ቅደሙ አለን።

ግራዝማች ምን አለ አሉኝ፤ ተይዘናል አልኳቸው። የፈሩ አልመሰሉም። ከሳሻችን ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ይኸው ፖሊስ ራሱ ነው አልኩ። «እንግዲያው በሥርዓቱ ይሁን» አሉና የነጠላቸውን ጫፍ አውጥተው ከፖሊሱ ቀበቶ ጋር ጥብቅ አድርገው ቋጠሩት።

ቁራኛ ነው። በድሮ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ ያለ ዘበኛና ያለ ሰንሰለት፣ ዳኛ ፍለጋ አብረው ይሄዱ እንደነበር አባቶቻችን ይነግሩናል። ቋጠሮውን ፈትቶ የሚሮጥ የለም፤ ቢሮጥ ስሙ ይቀራል። ፖሊሱ ይህን የነገረው አባት ስለሌለው በመጀመሪያ ሽጉጡን ሊመዝ ነበር። ሽማግሌው በእርጋታ ቋጠሮውን ሳብ አድርገው መጥበቁን አረጋገጡና ከጎኑ ቆሙ፤ እንሂድ በለው አሉኝ። ያቺ ቀጥ በሉ ያለችን ባልቴት ከመስኮቷ ሆና ስታጨበጭብ ፖሊሱ ከመፍታት ይልቅ ቶሎ መሄድ ይሻለኛል ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ጉዞ ጀመርን።

እንዴት ያለ ጉዞ መሰላችሁ! አንድ ቤተ ክርስቲያን አለፍን፤ ግራዝማች አልቆሙም። ሁለተኛውን አለፍን። የሴቶች ገዳም፣ የወንዶች ገዳም፣ የመስታወት ውስጥ ማርያም፤ ሁሉንም አለፍን። ፖሊሱ በእያንዳንዱ ደጅ ያማትባል፤ ግራዝማች ራሳቸውን ብቻ ዝቅ ያደርጋሉ። ጆሯቸው ላይ ጠጋ ብዬ ምነው ዛሬ ሃይማኖት ቀረ እንዴ አልኳቸው። «ዝም በል! የተያዘ ሰው እግሩ የራሱ አይደለም። ይህ ሰው ካቆመኝ እሳለማለሁ፤ ካላቆመኝ ዕዳው በእሱ ነው» አሉኝ። ትንሽ ሄድ ብለውም «ክርስቲያን ነው መሰለኝ፤ ሲያማትብ አየሁት። ዳኛው ፊት እመሰክርለታለሁ» አሉ። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነበር። ጠዋት በጊዜ ተይዘን ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ማሩ ተቀምሶ እኛም ምሳ ላይ ነበርን።

ፖሊስ ጣቢያው ከላይ፣ ካቴድራሉ ካለበት አደባባይ ዳር ነው። አለቃው ጢሙን ያሳመረ ወፍራም ሰው ነው። ቅሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት አለ። ምንድነው ሲለኝ ማር ነው አልኩት፤ የማር ስም በጣልያንኛውም በስፓንኛውም አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። የእህትማማቾቹ ልጆች በመጨረሻ ታረቁ። እንግዲያው ክፈተው አለ።

ግራዝማች ቅሉን ሳብ አድርገው አቀፉት። «ለዳኛ የታሸገ በዘበኛ ፊት አይከፈትም። ሰሙ ከተነካ በረዙት ይሉኛል። ከፈለገ ይሰረኝ፤ ማሩን ግን አይንካ» አሉ። እኔ ሳስተረጉም ዘበኛ የምትለዋን ክቡር አዛዥ አልኳት፤ ሌላውን እንዳለ አስተላለፍኩ። ማር ከሆነ ለምን ትፈራላችሁ አለ አለቃው። ማር ስለሆነ ነው አልኩት። የጉባኤውን ነገር፣ የማኅተሙን ነገር፣ የደወሉን ነገር እጄንም እግሬንም ጨምሬ አስረዳሁት። ሰዓቱን ከግድግዳው ላይ አየ። ግራዝማችን አየ። ነጠላውን ተከትሎ የራሱን ፖሊስ ቀበቶ አየ፤ ጢሙም ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ አዳራሹ ከአደባባዩ ማዶ ነው አለ፤ በቀማሾቹ ፊት ይከፈት፣ ማር ካልሆነ ግን ትመለሱልኛላችሁ። ሌላ የታጠቀ ፖሊስ ጨመረልንና ወጣን።

አደባባዩ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ደወሉ ጀመረ። ግራዝማች ሮጡ። ፖሊሱም ሮጠ፤ ምን ያድርግ፣ ተቋጥሯል። በረኛው መዝጊያውን እየሳበ ነው። ሁለተኛው ፖሊስ ቀድሞ ደረሰና ቦት ጫማውን በመዝጊያው መካከል አስገብቶ በሕግ ስም ብሎ ጮኸ፤ በረኛው መዝጊያውን እንዳለ ለቀቀው። ቀማሾቹ ማንኪያቸውን እንደያዙ ቀና ሲሉ ምን አዩ? ነጭ በነጭ የለበሱ ሽማግሌ ቅል ታቅፈው፣ ከታጠቀ ፖሊስ ጋር ተቋጥረው፣ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ። ግራዝማች ጠረጴዛው ላይ ቅሉን አኖሩ፤ ቀማሾቹ ማኅተሙን አገላብጠው አዩት፤ ሰሙ ተሰበረ።

ሽታው ከእኔ ቀድሞ ተናገረ። በየማሩ መካከል አፍን በውኃ መጉመጥመጥ የቀማሾቹ ደንብ ነው፤ የሞጣን ማር መጀመሪያ የቀመሰው ሰው ግን ውኃው ሲቀርብለት በእጁ ገፋ አደረገው። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና ማንኪያውን ወደ ቅሉ መለሰ። ቀጥሎ የቀመሰችው ሴት ለጎረቤቷ ከማቀበሏ በፊት አሰበችበት። ያ የያዘን ፖሊስ ደግሞ ለምርመራ እንዲሆነው እሱም መቅመስ እንዳለበት አስታወቀ፤ ምርመራውንም አላቻኮለም። ከዚያ ለአለቃው ማስረጃ ይዞ እንዲሄድ ጥቂት በቁራሽ ዳቦ ለመነ። ግራዝማች በገዛ እጃቸው ቀቡለትና ቋጠሮውን ፈቱ። «ዳኛ ፈረደ፤ በነፃ ተሰናበትክ» አሉት። ማሩ ጉባኤው ላይ ከተመሰገኑት አንዱ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ማረፊያችን ስንወርድ ግራዝማች «ተይዘን ያለፍናቸው ደጆች አሉ» አሉኝ። አንድ በአንድ ተመልሰን ተሳለምን። በትክክል ለመናገር እሳቸው ተሳለሙ፤ እኔ ስማቸውን አነበብኩ። ማንም አልጠበቀንም፣ ማንም በር አልዘጋብንም፤ ከተማዋም እንዲህ ሲሄዱባት ያማረች ሆነች።

አገሬ ገብቼ ዜናውን ጻፍኩ። እንደ ልማዴ ስሜቴን ትቼ ያየሁትን ብቻ አሰፈርኩ፦ የሞጣ ማር ቶሌዶ ከተማ ውስጥ በታጠቁ ፖሊሶች ታጅቦ ወደ ጉባኤው አዳራሽ ገባ፤ በቀማሾቹም ፊት ተከፈተ። ሐሰት የሆነች ቃል የለችበትም። ሞጣ ላይ ዜናው በአደባባይ ተነበበ፤ ለማራቸው እንደ ንጉሥ ልጅ የክብር ዘብ ቆመለት ተብሎ ሰንጋ ተጣለ።

በዚያው ሰሞን ቢቸና ሄድኩ። ያኮረፉኝ ዘመዶቼ በሙሉ ታርቀውኝ ጠበቁኝ፤ ጋዜጣውን እነሱም አንብበውታል። ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጡት አጎቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «ደግ አደረግህ፤ የጎረቤት ገመና ሸፈን አድርገህ ነው የጻፍከው» አሉኝ። ከዚያ ዙሪያቸውን አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እኛ ግን ቤተ ዘመድ ነንና አትደብቀን፤ ማሩ ውስጥ ፖሊስ የያዘባቸው ውኃ ነው ስኳር?»